ጫን አድርገው

ባለፈው ጥቅምት ከፖሊ ቴክኒክ የተመረቀ አንድ ልጅ ማሸጊያ ክፍላችን ተመደበ። በሁለተኛ ቀኑ እኔ የካርቶን ማሸጊያው ማሽን ላይ አጎንብሼ ስኮች ስቀይር ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ማሽኑ ካሸገው እኛ እዚህ ምን እንሠራለን?» አለኝ። እያሾፈ አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀው። እኔም እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብዬ፣ «ማሽኑ እንዳይሳሳት እንጠብቃለን» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ራት ስበላ መልሴ አስጠላኝ። ማሽን መቼ ይሳሳታል? የሰጡትን ነው የሚያደርገው። ሞላው ከላላ በላላ ሞላ፣ ካርቶኑ ከተጣመመ እንደ ተጣመመ፣ በደቂቃ አሥራ አምስቱን በተርታ እየገፋ ይልካል። የሰው እጅ ቢያንስ ሲደክመው ያቆማል። እንግዲህ ለልጁ ያልመለስኩለትን እዚህ ልመልስ፤ ከኋላዬ ቆሞ ስለማያየኝ ትንሽ ባበዛም አይታዘበኝም።

ስለ ስኮች ውፍረት፣ ስለ ካርቶን ንብርብር፣ ስለ ማሽን ብራንድ የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው። ለሃያ ዓመት ስለው ስለኖርኩ ባልደረቦቼ ገና አፌን ስከፍት «ጀመረ ደግሞ» ይላሉ። ማሸግ ማለት መጫን ነው። ስኮቹ ወርቅ ይሁን፣ ማሽኑ ከጀርመን ይምጣ ከቻይና፣ በትክክል ካልተጫነ አልታሸገም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአሰላው ፋብሪካችን ድሬዳዋ የላክነው አንድ መኪና ብስኩት ሩቡ ያህል ተከፍቶ ደረሰ። ካርቶኑ አልተቀደደም፤ ስኮቹ ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ ጆሮው ገለል ብሏል። (ከላይ የሚታጠፉትን አራት ክዳኖች እኛ ጆሮ ነው የምንላቸው።) ስልክ ተደወለ፣ ስብሰባ ተጠራ። ግዥ ክፍል ስኮች አቅራቢውን ወቀሰ። ሽያጭ ጫኝና አውራጆቹን ወቀሰ። አንዱ ደግሞ ጥፋቱ የካርቶኑ ወረቀት ነው ብሎ ፕሮፎርማ ሊያሰበስብ ተነሥቶ ነበር። እኔ ከተመለሱት አንዱን አንሥቼ መስኮት አጠገብ ወሰድኩትና የተነሣውን ስኮች ገልብጬ ሙጫውን አየሁት። እንደ መስተዋት ያበራል። አንዲት ቡናማ የወረቀት ጭረት የለበትም። ከካርቶኑ ጋር ጭራሽ ተዋውቆ የማያውቅ ስኮች ነበር።

ሌላ አነሣሁ፤ ያው። ሦስተኛ አነሣሁ። ሁሉም የተከፈቱት ከኋላ ጫፋቸው ነው፤ ፊታቸው ደህና ተይዟል። ከዚያ ወዲያ ስብሰባው ምን እንደሚል መስማት አላስፈለገኝም፤ ካቻቪቴና ፒንሳ ይዤ ወደ ማሽኑ ወረድኩ።

ማሽኑ ያለበት ሰው ያውቀዋል፤ ለሌላው ግን ይቺን አንዲት ሰከንድ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ካርቶኑ በግራና በቀኝ ቺንጊያ ተይዞ ይመጣል። ፊት ለፊት የቆመችው ሮለር ላይ ስኮቹ ሙጫውን አሳይቶ ይጠብቃል። ካርቶኑ ሲገፋት ወደ ኋላ ትሸሻለች፤ እየሸሸች ግን ስኮቹን በግንባሩ ላይ ትለጥፍና ወደ ላይ ወጥታ በጀርባው ትንሸራተታለች። ካርቶኑ ሊያልፍ ሲል ምላጩ ይቆርጣል፤ የተረፈችውን አምስት ሳንቲ ሜትር ጭራ የኋለኛዋ ሮለር ወደ ታች ደፍቃ ታስተኛታለች። ሁለቱንም ሮለሮች ወደ ካርቶኑ የሚስባቸው ሞላ ነው። ይሄ ሁሉ ሞተር፣ ሴንሰርና ኮንቬየር የሚንጫጫው ለዚያች ሞላ ጉልበት ነው። የእኛው ሞላ ከሳምንታት በፊት ተበጥሶ ኖሮ የማታው ሽፍት ከሌላ ማሽን የተረፈ ሞላ ገጥሞበታል። ርዝመቱ ልክ ነው፣ መንጠቆው ልክ ነው፤ ጉልበት ብቻ የለውም። ማሽኑ ይሮጣል፣ ስኮቹ ይቆረጣል፣ ካርቶኑ ከሩቅ ለሚያየው ያማረ ነው። ጭራው ግን ተለጠፈ እንጂ አልተጫነም።

ሞላውን ቀየርኩ። ስብሰባው ግን እስከ ቀጣዩ ሳምንት ቀጠለ።

ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ሥራው የሴቶች ነበር። ከሁሉም የሚበልጡት እትዬ የምንላቸው የአሰላ ሴት ነበሩ፤ ስማቸውን እዚህ ባነሣው አይወዱም። ስኮቹን በግራ እጃቸው ይስቡና በመቁረጫው ጥርስ ቀጭ ያደርጉታል፤ ከዚያ የቀኝ መዳፋቸውን ሥር፣ ከአንጓቸው በላይ ያለችውን ወፍራም ሥጋ፣ ስኮቹ ላይ አስደግፈው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳሉ። ሄደው ደግሞ ይመለሳሉ። ያቺ የመዳፋቸው ቦታ ከመፈተግ ብዛት እንደ ኮርቻ ቆዳ ታበራ ነበር። የሳቸው ካርቶን ተከፍቶ ተመለሰ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ማሽኑ ተተክሎ የመጀመሪያውን ካርቶን ሲያሽግ ሁላችንም ቆመን አየን፤ ሥራ አስኪያጁም ነበሩ። እትዬ ዝም ብለው አዩትና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ይኼ'ኮ አይመለስም» አሉኝ።

ያን ጊዜ ያሾፉ መስሎኝ ነበር። በማሽን የተነጠቀ ሰው ምን ይበል ብዬ አለፍኩት። ነገሩ የገባኝ ከድሬዳዋው ጭነት በኋላ ነው። ማሽኑ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያልፈው፤ መዳፍ ግን ሄዶ ይመለሳል። እናም ከማሽኑ መውጫ ላይ ሁለተኛ ሮለር ሠራሁ፤ ከአሮጌ ኮንቬየር የተፈታች፣ ኩሽኔታዋ የተቀየረ፣ ላስቲክ የለበሰች፣ በሁለት ሞላ የምትሳብ። አራት ቡሎን ነው የያዛት። ካርቶኑ ሲወጣ እላዩ ላይ አንድ ጊዜ ታልፍበታለች። ፋብሪካው በወረቀቱ ላይ ሌላ ስም ሰጥቷታል፤ እኔ እትዬ ነው የምላት። አዲሱ ልጅም አሁን «ጋሼ፣ እትዬ ዘይት ትፈልጋለች» ይለኛል።

በነገራችን ላይ ስኮች የምንለው ቃል ራሱ ከቋጣሪነት የመጣ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1925 በአሜሪካ ሚኒሶታ ሪቻርድ ድሩ የሚባል የስሪ ኤም ሠራተኛ ለመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚለጠፍ ወረቀት ሠራላቸው። ሙጫውን የቀባው ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ነበርና ወረቀቱ እየወደቀ ያስቸግራል። አንዱ ቀቢ ተናዶ «ለስኮትላንዳዊ አለቆችህ መልሰህ ውሰድላቸው» አለው ይባላል፤ ስኮትላንዳውያን በስስት ይታሙ ነበር። ድሩ ትምህርቱን ተቀብሎ ሙጫ ጨመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ግልጹን ስኮችም ያወጣው እሱ ነው። የኛ ሰው ግን እስካሁን ሙጫ ላይ ነው ያለው። እሽጉ በተከፈተ ቁጥር «ወፍራም ስኮች ይገዛ» ይላል። ባለሙያዎች ይህን የሙጫ ዓይነት ሲጠሩት «በጫና የሚይዝ» ነው የሚሉት፤ ስሙ ራሱ እየነገረን ማለት ነው።

ጫናው ደግሞ ብርድን አይወድም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አሰላ ጠዋት አንድ ሰዓት ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል፤ ጭላሎ ላይ ውርጭ ተኝቶ ከመጋዘን የወጣ ስኮች እጅ ያደነዝዛል። ቅቤ በብርድ እንደሚደርቅ ሙጫውም ይደርቃል። የካርቶን ወረቀት ለዓይን ለስላሳ ይምሰል እንጂ ጭረትና ጉድጓድ ነው፤ ሙጫው ቀስ ብሎ እዚያ ውስጥ መፍሰስ አለበት። የደረቀ ሙጫ አናት አናቱን ይዞ ይቀራል። ቀን ፀሐይ ስትወጣ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ጠዋት የታሸገው ግን መኪና ላይ ይነሣል። ስለዚህ ለነገ ጠዋት የሚያስፈልገውን ስኮች ዛሬ ማታ ወደ ምድጃው ክፍል አጠገብ ማሳደር ጀመርኩ። የመጋዘኑ ሰውዬ አበደ። ያለ ሞዴል 22፣ ማለትም ያለ ዕቃ ማውጫ ወረቀት፣ አንድ ጥቅል አይወጣም፤ ሞዴል 22 ደግሞ ለዛሬ ሥራ እንጂ ለነገ አይቆረጥም። «ስኮች ብርድ ይመታዋል ብለህ ልፈርምልህ?» አለኝ። ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ሞዴሉ ላይ «ለማሞቂያ» ብሎ ጻፈልኝ፤ ኦዲተሩ መጥቶ ስኮች አቃጥላችሁ ትሞቃላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀን።

ስለ አቧራ ብዙ አልልም። ዱቄት ባለበት ቤት ስኮች ዱቄቱን ይይዛል እንጂ ካርቶኑን አይይዝም። ከማሽኑ በፊት የኮምፕረሰር አየር ይነፋበት፤ አለቀ።

ትኩስ ሙጫን የሚያመልኩ አሉ። ስኮች የድሮ ነው፣ በሙጫ የታሸገ ካርቶን ያምራል፣ ሲከፈትም ያስታውቃል ይሉኛል። እውነት ነው፤ በደንብ ሲሠራ እኔም እወደዋለሁ። ግን ሙጫው ከ160 እስከ 180 ዲግሪ ባለው መሃል ቀልጦ መረጨት አለበት፤ ከተረጨ በኋላ ጆሮውን አጥፎ ለመጫን ያለን ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው። ብርድ ቤት ውስጥ ያቺም ታጥራለች። መብራት ሲሄድስ? መብራት ሲሄድ የሙጫው ማቅለጫ ገንዳ ይቀዘቅዛል። ሲመጣ እስኪግል ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ምርት ቆሟል፣ ሱፐርቫይዘሩ ሰዓቱን ያያል፣ አንዱ «በቃ ቀልጧል» ይልና ያስነሣል። ሙጫው እንደ ማር ክር እየጎተተ ይወጣል። ካርቶኑ ላይ ሲያርፍ ቆዳ አውጥቷል። ጆሮው ይታጠፋል፣ ይጫናል፣ የተያዘ ይመስላል፤ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ጸጥ ባለበት ጠብ፣ ጠብ እያለ ሲከፈት ጥበቃው ሌባ ገባ ብሎ ጮኾ ያውቃል። ደጋግሞ የሞቀ ሙጫ ደግሞ ይከስልና ጥቁር ፍርፋሪ ሆኖ አፍንጫውን ይደፍናል። ስኮች መብራት ሲሄድ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ለዚህ ነው ከስኮች ያልተላቀቅኩት፤ ኋላ ቀር ቢሉኝም።

አንድ ነገር ግን ብዙ ዓመት አታለለኝ። ሞላው ደህና፣ ስኮቹ የሞቀ፣ ካርቶኑ ንጹሕ ሆኖ ቆላ የደረሱ ካርቶኖች ከመሃላቸው እየሰረጎዱ የስኮቹ መሃል ይታጠፍ ነበር። መልሱን ያገኘሁት በቆጂ፣ እህቴ ሱቅ ውስጥ ነው። ከአዳማ የመጣላት የድንች ጥብስ ካርቶን ሆዱ ተነፍቶ ስኮቹን ወደ ላይ ገትሮት አየሁ። ከፈትነው፤ ከረጢቶቹ እንደ ኳስ ተወጥረዋል። እህቴ ተበላሽቷል ብላ ልትመልስ ነበር። የተበላሸ ነገር የለም። አየሩ ነው። በቆጂ ከባሕር ወለል 2800 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ውኃ እንኳ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 አትላንታ ላይ በማራቶን ያሸነፉት፣ ከነሱም በኋላ ቀነኒሳና ጥሩነሽ የሮጡት በዚህ ስስ አየር አድገው ነው። የነሱን ሳንባ ያሰፋው ያው አየር አዳማ ላይ የታሸገን ከረጢት ከአሥር በመቶ በላይ ይነፋዋል።

እንግዲህ በተገላቢጦሽ አስቡት። እኛ አሰላ፣ 2400 ሜትር ላይ፣ የብስኩቱን ከረጢት ከነአየሩ አሽገን ካርቶኑን ሞላን። ቁልቁል ወርዶ ድሬዳዋ፣ 1200 ሜትር ላይ ሲደርስ ከረጢቱ ይሟሽሻል፤ ካርቶኑ ውስጥ ከላይ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። በላዩ ስድስት ካርቶን ተደርቧል። ጆሮው ከሥር የሚደግፈው የለም፤ ይሰረጉዳል፣ ስኮቹ ይታጠፋል፣ አዋሽ ላይ በሙቀት የለሰለሰው ሙጫ ይንሸራተታል። የኔ «መጫን» ጎደሎ የነበረው እዚህ ላይ ነው። የሚጫነውን ነገር ከሥር የሚመልስለት ከሌለ ብትጫንም ዋጋ የለውም። ሞላውን አጥብቆ ባዶ ካርቶን ላይ የሚያሳልፍ ሰው ካርቶኑን መጨፍለቁ ነው። ይህን በማመኔ ባልደረቦቼ ደስ አላቸው፤ ከዚያ በኋላ ከረጢቱ ውስጥ የሚቀረውን አየር መቀነስ የማሸጊያው ክፍል ሥራ ሆነ። እኔ ግን ያው መጫን ነው እላለሁ፤ ከላይም ከታችም።

ገንዘብ ክፍል ከኔ ጋር ያለው ጸብ ሌላ ነው። በየሰዓቱ አንድ የታሸገ ካርቶን ከመስመሩ አነሣና ስኮቹን ቀድጄ አያለሁ። ሙጫው ላይ ቡናማ ጭረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀዶ ከመጣ ደህና ነው፤ ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ ስኮቹ አለቀቀም ማለት ነው። የሚያበራ ቦታ ካየሁ ማሽኑን አቆማለሁ። በሽፍት ስምንት ካርቶን፣ በቀን በሁለት ሽፍት አሥራ ስድስት፤ በወር ስንት እንደሚሆን ሒሳብ ሹሙ ደምሮ አመጣልኝ። በጣት ነካ አድርጎ ማየት አይበቃም ወይ ይለኛል። አይበቃም። በጣት ሲነኩት ሁሉም ተይዟል። የድሬዳዋዎቹንም በጣት ነክተናቸው ነበር።

ልጁ ቀዶ ማየቱን ወዶታል። መጀመሪያ ሲቀድ ቀስ እያለ፣ ስኮቹ እንዳይጎዳ እየተሳቀቀ ነበር። «በንዴት ቅደደው፤ ገዝተኸው አልከፈት ያለህ ይመስል» አልኩት።

የኔ ማሸግ በካርቶን አልጀመረም። እኔ በቆጂ ተወልጄ ሯጭ ያልሆንኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው በየሄደበት ማብራሪያ ይጠየቃል። ጠዋት ጠዋት እኩዮቼ ወደ ጫካው ሲሮጡ እኔ ጆንያ እሰፋ ነበር፤ የቢራ ገብስ ጆንያ፣ ወደ አሰላ ብቅል ፋብሪካ የሚጫን። በእጅ የምትያዝ የጆንያ መስፊያ ማሽን ነበረችን። የሷ ስፌት ሰንሰለት ነው፤ ትክክለኛዋን ክር ከትክክለኛው ጫፍ አግኝተህ ስትስባት ጆንያው በአንድ ትንፋሽ ተርተር ብሎ ይከፈታል። ካላገኘሃት ቢላዋ አይችለውም። እስካሁን ከካርቶን ይልቅ ጆንያን አከብራለሁ፤ ስፌቱ ይታያል፣ የተዘለለ ቦታ አይደበቅም። ስኮች ግን አብረቅራቂ ነው፣ የያዘም ያልያዘም አንድ ይመስላል።

ማሸግን ግን ከጆንያም በፊት ነው ያየሁት። እናቴ ጠላ ትሸጥ ነበር። የገብሱን ጠላ ካቀጠነች በኋላ የጋኑን አፍ ትከድንና ዙሪያውን በጭቃ ትመርገዋለች። ጭቃው ገለባ ገብቶበት የታሸ ነው፤ ውኃው ከበዛ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ካነሰ አይይዝም። ልጅ ሆኜ ጭቃውን በእፍኜ አቀብላት ነበር። በአውራ ጣቷ እየተጫነች ጋኑን ትዞረዋለች። ጭቃው ሲደርቅ የጣቷ ጉድጓዶች በክዳኑ ዙሪያ እንደ ዶቃ ተደርድረው ይቀራሉ። ማታ ማታ ኩራዝ ይዛ ትመጣና አፍንጫዋን አስጠግታ ታሸተዋለች። ሽታው ካመለጠ «ይተነፍሳል» ትልና ያቺን ቦታ ብቻ አርጥባ ደግማ ትጫናለች። ቀድጄ ከማየቴ በፊት አሽትታ የምታውቅ ሰው ነበረችኝ፤ ይህንን ስረዳ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል።

ዘንድሮ ለፋሲካ በቆጂ ወጣሁ። እናቴ አርጅታለች፣ ጠላ መሸጥ ካቆመች ቆየች፤ ለበዓሉ ግን አንድ ጋን ጥላለች። ጉልበቷ ስላመማት ምርጊቱን እኔ እንድሠራው በርጩማ ላይ ተቀምጣ አዘዘችኝ። ጭቃውን አሸሁ፣ ክዳኑን አስተካከልኩ፣ በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ ዞርኩት። ከላይ አይታኝ ዝም አለች። ጨርሼ እጄን ልታጠብ ስል ተነሥታ መጣች፤ ጋኑን ተደግፋ አጎንብሳ አሸተተችው።

«ከዚህ ጋ ይተነፍሳል፤ ጫን አድርገው» አለች። እኔ እጄን እስካርስ አልጠበቀችም፤ የጣቴ ጉድጓድ ውስጥ የራሷን አውራ ጣት አስገብታ ተጫነችው።